ስለ ተጨመረ መብራትና ስለ ደከመ ብርሃን

ሹፌሩ፦ ጋሼ፣ የፊት መብራት ደከመብኝ የሚል የጭነት መኪና ነጂ ወደ እርስዎ በቀረበ ቍጥር፣ መኪናውን ከመመርመርዎ አስቀድሞ ነገሩን ሁሉ በተጨመረው ዕቃ ላይ እንደሚያላክኩ በመንገዱ ሁሉ ይወራል፤ እኔም ዛሬ የመጣሁት መብራቴን ለማስጠገን ብቻ ሳይሆን ይህን ፍርድዎን ለመሞገት ጭምር ነው። ከፋብሪካው የወጣው ሁሉ ጻድቅ፣ በእኛ እጅ የገባው ሁሉ ኃጥእ የሆነበት ምክንያት ምንድን ነው?

ባለሙያው፦ ስለ ጽድቅና ስለ ኃጢአት እኔ አላወራሁም፤ የምናገረው ምርመራው ከየት ይጀምር ስለሚለው ነው። ይህ መኪና ከፋብሪካው ሲወጣ የእያንዳንዱ ሽቦ ውፍረት የተወሰነው ይሸከመው ዘንድ በታሰበለት ኮረንቲ ልክ ነው፤ በ24 ቮልት የሚሠራው ኤች ፎር የተባለው አምፖል በረጅሙ 75፣ በአጭሩ 70 ዋት ይበላልና፣ ሁለቱ የፊት መብራቶች በረጅሙ ሲበሩ በዚያ መንገድ የሚያልፈው ኮረንቲ ከ6 አምፔር ጥቂት ከፍ ያለ ብቻ ነው። አንተ ግን በፓራውልቱ ላይ ባለ 100 ዋት አምፖል የያዙ አራት መብራቶች ደርድረህ፣ ኮረንቲያቸውን ከዚያው ከረጅሙ ሽቦ ላይ እንዲቀበሉ አስቀጥለሃል፤ ለ6 አምፔር በተጠረገ መንገድ ወደ 23 አምፔር ይጓዝበታል ማለት ነው። ይህን እያየሁ ምርመራዬን ከሌላ ስፍራ ብጀምር አንተው ራስህ ብልህ የምትለኝ አይመስለኝም።

ሹፌሩ፦ ሂሳቡ ሂሳብ ነው፤ በመንገድ ላይ የማየው ግን ሌላ ነው። ከፋብሪካው እንደ ወጣ የኖረ፣ አንዲት ሽቦ እንኳ ያልተጨመረበት መኪና የሚነዳ ባልንጀራ አለኝ፤ የእሱ የግራ መብራት ከእኔው የባሰ ደካማ ነው። ደግሞስ የተጨመረው ሸክም እርስዎ እንደሚሉት የከበደ ከሆነ ቫልቮላው ስለ ምን ዝም አለ? ቫልቮላ የተፈጠረው ለዚሁ አይደለምን?

ባለሙያው፦ የባልንጀራህ መኪና የራሱ ምክንያት አለውና እሱን ሲያመጣው እናየዋለን፤ ያልተጨመረበት ሁሉ ጤነኛ ነው ብዬ ከሆነ ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ግን አላልሁም። ስለ ቫልቮላው ግን የተሳሳተ ተስፋ ይዘሃል፤ ቫልቮላ የቆመው ለሽቦው ነው፤ ሽቦው እንዳይነድ አስቀድሞ ይሞትለታል፤ መብራት ደከመ አልደከመ ግን ጉዳዩ አይደለም። መብራትን የሚያደክመው በመንገድ ላይ የሚቀረው ቮልት ነው። ጀርመናዊው ኦም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ በገለጸው ሕግ መሠረት፣ ስድስት ሜትር ርዝመትና 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ተቃውሞው 0.07 ኦም ያህል ስለሆነ፣ 6 አምፔር ሲያልፍበት ከግማሽ ቮልት የማይበልጥ ያስቀራል፤ 23 አምፔር ሲያልፍበት ግን 1.6 ቮልት ይበላል፤ የማብሪያው ምላስ፣ የማገናኛዎቹ ጥርስና የመመለሻው መንገድ እያንዳንዳቸው የድርሻቸውን ሲወስዱ ደግሞ ጉድለቱ ሁለት ቮልት ተኩል ለመድረስ አይቸግረውም። የሃሎጅን አምፖል ባሕርይ ደግሞ እንዲህ ነው፤ ቮልቱ ከዐሥር አንድ እጅ ሲጐድልበት ብርሃኑ የሚጐድለው ከዐሥር አንድ አይደለም፣ ሲሶው ያህል ነው። ይልቅስ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ በሥፍራው የተቀመጠው ቫልቮላ ባለ 30 አምፔር ነው፤ ክዳኑ ላይ የተጻፈው ግን 15 ነው፤ ያ የመጀመሪያው የት ሄደ?

ሹፌሩ፦ እሱማ ተቃጠለ። የተተካውም ተቃጠለ። በኋላ ከአዳማ ወዲያ ሌሊት ስለ ሆነብን ወፈር ያለውን ከተን ጉዟችንን ቀጠልን፤ የሲጋራ ብራም ወረቀት ጠቅልለው ከሚነዱት እኔ እሻላለሁ።

ባለሙያው፦ በጥቂቱ ትሻላለህ። ሙቀት ግን ከኮረንቲው ጋር እኩል አይራመድም፤ ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው፤ በአንተ ሽቦ ላይ ኮረንቲው ከሦስት እጥፍ ተኩል ስላለፈ ሙቀቱ ወደ ዐሥራ ሦስት እጥፍ ደርሷል። የመጀመሪያው ቫልቮላ ሲቃጠል ምስክርነቱን ሰጥቶህ ነበር፤ ምስክሩን አሰናብተህ ዝም የሚለውን አስቀመጥህ።

ሹፌሩ፦ እሺ፣ በዚህ ልረታ። ነገር ግን ጋሼ፣ እርስዎ ይህን ሁሉ የሚናገሩት በቀን ብርሃን፣ በጋራዥ ጥላ ሥር ቆመው ነው። ከአዋሽ አልፈው በሚሌ በኩል ወደ ጋላፊ በሌሊት ሲወርዱ፣ ጨለማ የለበሰ ግመል ከመንገዱ መካከል ተኝቶ ይገኛል፤ ጎማው የፈነዳበት ተሳቢ ያለ አንዳች ምልክት ቆሞ ያድራል፤ ለምልክት ብሎ ድንጋይ የደረደረውም ሰው መኪናውን ጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩን ሳያነሣ ይሄዳል። በሙሉ ጭነት ቍልቍለት የሚወርድ መኪና ያን ድንጋይ ባየበት ቅጽበት መቆም አይችልም፤ ከሩቅ ሊያየው ይገባል። ፋብሪካው መብራቱን ሲያበጅ ይህን መንገድ አላየውም። እኔ እነዚያን መብራቶች የገዛኋቸው ለጌጥ አይደለም፤ ከኪሴ ከፍዬ፣ የባለ ንብረቱን ገንዘብ ሳልነካ፣ ነፍሴን ላተርፍበት ነው። አራቱ ደክመውም ቢሆን ከሁለቱ ጤነኞች የበለጠ ብርሃን ይሰጣሉ፤ ሂሳብዎም ይህን አያፈርሰውም።

ባለሙያው፦ አያፈርሰውም፤ በረጅሙ በምትነዳበት ሰዓት ደካሞቹ አራቱና ደካሞቹ ሁለቱ ተደምረው ከጤነኞቹ ሁለት ይበልጣሉ። ነገር ግን ያ ሁሉ ኮረንቲ የሚያልፈው ከመሪው ሥር ባለችው በዚያች ትንሽ ማብሪያ ውስጥ ነው፤ ምላሷ በየሌሊቱ እየጋለ ይጠቍራል፣ የያዛትም ፕላስቲክ ይለሰልሳል፤ ረጅሙም አጭሩም የሚያድሩት በአንድ ቤት ስለሆነ አንድ ቀን ሁለቱም ባንድነት ይጠፋሉ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያው ቍልቍለት፣ አራት መብራት ጨምሬ ነበር ብሎ ማሰብ የሚያጽናና አይደለም።

ሹፌሩ፦ ይህንማ አስቀድሜ ስለ ሰማሁ ሪሌ አስገጥሜያለሁ። እርስዎ ሪሌ ያለው ጭማሪ ጤነኛ ነው ሲሉ የሰሙ ሰዎች ናቸው የነገሩኝ። ሪሌው ይኸው ነው፤ ታዲያ አሁን የቀረው ክስ ምንድን ነው?

ባለሙያው፦ ሪሌው አለ፤ ሲነካ ይጮኻልም። የሪሌ ጥበቡ ግን ትእዛዙንና ሸክሙን መለየቱ ነው፤ 86 እና 85 በተባሉት እግሮቹ የሚገባው ትእዛዝ ከአንድ አምፔር እጅግ ያነሰ ነው፤ በ30 ገብቶ በ87 የሚወጣው ሸክም ደግሞ ከባትሪው በቀጥታ፣ በወፍራም ሽቦ፣ በራሱ ቫልቮላ በኩል መምጣት አለበት። የአንተን 30 ተከትዬ ሄድሁ፤ ወደ ባትሪው አልደረሰም፤ ሁለት ጣት ርቀት ሄዶ ከዚያው ከረጅሙ መብራት ሽቦ ላይ በናስትሮ ተጠቅልሎ አገኘሁት። እንግዳው መሶብ ይዞ መጥቷል፤ የሚቈርሰው ግን ዛሬም ከባለቤቱ ነው። ሪሌ ያስገጠምኸው ለስሙ ነው።

ሹፌሩ፦ እንዲህ ከሆነ ጥፋቱ የገጠመው ሰው ነው፤ የመብራቱ አይደለም።

ባለሙያው፦ ወደዚያ እንመጣለን፤ ገና የመመለሻውን መንገድ አላየንም። ንገረኝ፤ አጭሩን ስታበራ የግራው መብራት እንዴት ያደርገዋል?

ሹፌሩ፦ ፍም ይመስል ቀላ ይልና ይቀራል። የሚገርመው ደግሞ አጭሩን አብርቼ ሳለሁ በዳሽቦርዱ ላይ የረጅሙ ምልክት፣ ሰማያዊዋ፣ ድብዝዝ ብላ ትታያለች። ይህን ያሳየሁት ሰው ሁሉ አምፖሉን ቀየረ፤ አምፖሉም ቢቀየር ለውጥ የለም።

ባለሙያው፦ ያች ሰማያዊ ምልክት ከብዙ መካኒክ ይልቅ እውነቱን ነግራሃለች። ኮረንቲ በባሕርዩ መመለሻ ከሌለው አይሄድም፤ የግራው መብራት ወደ ማሳ፣ ማለትም ወደ መኪናው ብረት፣ የሚወርድበት መንገድ ሲዘጋበት ደግሞ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። በኤች ፎር አምፖል ውስጥ የአጭሩና የረጅሙ ክር በአንድ ማሳ የተጋጠሙ ናቸውና፣ በአጭሩ ክር የገባው ኮረንቲ መውረጃ ሲያጣ በረጅሙ ክር በኩል ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከዚያም በረጅሙ ሽቦ ላይ ተጕዞ በቀኙ መብራት ረጅም ክር አልፎ ወደ ማሳ ይወርዳል፤ ሰማያዊዋም ምልክት በዚያው ሽቦ ላይ ስላለች ባልተጠራችበት ትበራለች። አንድ አምፖል ሊያበራው የተላከው ቮልት ለሦስት ክር ተከፋፍሏልና የግራው ፍም መምሰሉ አይደንቅም። አምፖሉን መቶ ጊዜ ብትቀይረው ያው ነው።

ሹፌሩ፦ ማሳው ስለ ምን ተዘጋ? እኔ ከአፍዴራ ጨው እጭናለሁ፤ ጨው ብረት ይበላል፤ ይህን ማንም ያውቃል። የተጨመሩት መብራቶች በዚህ ውስጥ ምን ቦታ አላቸው?

ባለሙያው፦ ጨው እንደሚበላ እኔም አውቃለሁ፤ ስለዚህም የቀኙን ማሳ ፈታሁት። ያንኑ ጨውና ያንኑ የአፋር አቧራ ቀምሶ፣ ያንኑ ያህል ዘመን ኖሮ ንጹሕ ነው፤ ቡሎኑም በእጅ ዞረልኝ። የግራው ግን አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ፣ የሽቦው ላስቲክ ጠቍሮ፣ ጫፉ ተሰባብሯል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የአራቱ ጭማሪ መብራቶች መመለሻ ሽቦ የታሰረው በግራው ቡሎን ላይ ነው። ፓራውልቱ ቀለም የተቀባ ስለሆነ የገጠመው ሰው እዚያ ላይ ማሳ ባጣ ጊዜ ቅርቡን ፈለገ፤ ቅርቡም የግራው መብራት ማሳ ሆነ፤ በዚያች ቀጭን ሽቦ ላይ ሌላ 17 አምፔር ያህል ተጫነባት፤ ጋለች፣ ላላች፣ ከላላችም በኋላ ጨውና እርጥበት ገባባት። ጨው ተባባሪ ነው፤ በሩን የከፈተለት ግን ሙቀቱ ነው።

ሹፌሩ፦ እኔ ግን ይህን ሁሉ እንዴት ላምን? ከእርስዎ በፊት ያየው ሰው ሶኬቱን ነቅሎ በቴስተር ለካው፤ 24 ቮልት ሙሉውን አሳየ። የማሳውንም ሽቦ ጫፍና ጫፍ ይዞ ሞከረ፤ ቴስተሩ ጮኸለት፤ ሽቦው ጤነኛ ነው አለኝ። መሣሪያው ውሸት ይናገራል?

ባለሙያው፦ መሣሪያው የተጠየቀውን ብቻ መለሰ። ከክሮቹ ሁሉ አንድ ብቻ የቀረለት ሽቦ ሸክም ሳይኖርበት ሲለካ ሙሉ ቮልት ያሳያል፤ ቴስተሩም ይጮኻል፤ ቴስተሩ የሚያሳልፍበት ኮረንቲ ከምንም የማይቈጠር ነውና በዚያች አንድ ክር ላይ ይበቃዋል። ሦስት አምፔር ሲጠየቅ ነው ድካሙ የሚገለጥ። ስለዚህ ሶኬቱን አልነቅልም፤ መብራቱን አበራና የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው አዎንታዊ ላይ፣ ሌላውን በመብራቱ መቀበያ ላይ አኖራለሁ፤ የሚያሳየኝ ቍጥር በመንገድ የቀረው ቮልት ነው፤ ከግማሽ ቮልት እምብዛም ካላለፈ መንገዱ ደኅና ነው። ቀጥዬም ከመብራቱ ማሳ ወደ ባትሪው አሉታዊ እንዲሁ አደርጋለሁ። ከዚያ ጭማሪውን ሁሉ ፈትቼ እንደገና እለካለሁ፤ አንድ በአንድ እየመለስሁም ቍጥሩ መቼ እንደሚዘል አያለሁ። በዚህ ሥርዓት ጭማሪው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ንጹሕ ነው፤ እኔም ዝም እላለሁ።

ሹፌሩ፦ ጥሩ፤ ጭማሪ ሁሉ ይፈታ ካሉ ሁሉም ይፈታ። ባለ ንብረቱ መኪናው የት እንደ ዋለ የሚያውቅበትን ጂፒኤስ አስገጠመ፤ የገጠሙት ልጆችም ከየትኛው ሽቦ እንደ ቀጠሉት የጠየቃቸው የለም። የፍጥነት መገደቢያም ተገጠመ፤ እሱንም ልፍታ ብል የምጠየቀው እኔ ነኝ። ለእነዚያ ማንም ክስ አያቀርብባቸውም፤ መብራት ሲደክም ግን የሹፌሩ ሬዲዮና የሹፌሩ መብራት ይከሰሳሉ። ጭማሪ ሲሆን የእኛ ብቻ ነው ጭማሪ የሚባለው?

ባለሙያው፦ እዚህ ላይ እውነት ተናገርህ። ጂፒኤሱ የሚበላው ኮረንቲ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ሽቦን በጥርሱ ነክሶ በሚይዝ ማገናኛ የተቀጠለ ከሆነ ከሽቦው ክሮች አንዳንዱን ይቈርጣል፤ ውኃም ያስገባል፤ ከአንተ ጥፋት አያንስም። እኔም የባለ ንብረቱን ዕቃ ለመንካት እንደምፈራ አልደብቅህም። ሬዲዮህን ካነሣህ ዘንድ ግን፣ እሱስ ከየት ነው የሚበላው?

ሹፌሩ፦ ከአንዱ ባትሪ። መኪናው 24፣ ሬዲዮው 12 ስለሆነ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ተወሰደለት። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ሬዲዮ ከፊት መብራት ጋር ምን ያገናኘዋል?

ባለሙያው፦ ሁለቱ ባትሪዎች በተርታ የታሰሩ ናቸው፤ ዲናሞው የሚያውቀው ድምራቸውን ብቻ ነው፤ ድምሩን 28 ቮልት አድርሶ ይረካል። አንዱ በሬዲዮና በማጉያው ሲበላ እየጐደለ ይሄዳል፣ ሌላው ያለ መጠን ይሞላና ውኃውን ያተናል፤ ድምሩ ግን ትክክል ይመስላል። ሞተሩ ቀስ ሲል፣ ተራ ስትጠብቅ፣ ደካማው ባትሪ ይሰበርና መብራቱም ሬዲዮውም አብረው ይወዛወዛሉ። ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ዕቃ ይሸጣል፤ እሱን ግዛ። ይህ ብዙ ክርክር አያስፈልገውም።

ሹፌሩ፦ እንግዲህ ሁሉንም ሰማሁ፤ አሁን የእኔን ይስሙ። የሪሌውን ሸክም ከባትሪው አምጣ አሉ፣ ማሳውን ለብቻው አድርግ አሉ፣ ቫልቮላውን በልኩ አድርግ አሉ፣ ለሬዲዮውም ዕቃ ግዛ አሉ። ይህ ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ትክክለኛውን መንገድ የሚያሳይ ሥዕል ከመኪናው ጋር ማን ሰጠን? የገጠመልኝ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ በሌላ መኪና ላይ ያወቀውን በእኔ ላይ አደረገ። እርስዎ ራስዎ በአንዳንድ የጃፓን መኪኖች መብራቱ የሚዘጋውና የሚከፈተው በማሳው በኩል ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ባለሙያው፦ ነው። በእነዚያ መኪኖች አዎንታዊው ሁልጊዜ በአምፖሉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ማብሪያው የሚያገናኘው ማሳውን ነው። የሪሌውን 85 እንደ ልማዱ በማሳ አስሮ 86ን በመብራቱ ሽቦ ላይ የቀጠለ ሰው፣ መብራቱ ጠፍቶ ሳለ ሪሌው ሲሠራ ያያል፤ ከዚያ ሽቦ እየገለበጠ ያድራል። እዚያ መደረግ የነበረበት የሪሌውን ትእዛዝ በሁልጊዜው አዎንታዊና በረጅሙ ሽቦ መካከል ማሰር ነበር።

ሹፌሩ፦ ታዲያ ይህ የጭማሪው ጥፋት ነው ወይስ የዕውቀቱ? ደግሞስ ሶማሌ ተራ ገብቼ 40 አምፔር ተብሎ የተጻፈበትን ሪሌ ስገዛ፣ ውስጡ ስንት እንደሚችል የሚያውቅ ማን ነው? እርስዎ እንዳሉት ለማሠራት መኪናው ሙሉ ቀን ይቆማል፤ ባለ ንብረቱ የሚቈጥረው ምልልሱን ነው፤ የቆመውን ቀን የሚከፍለኝ የለም። ድሃ ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያለው፤ በደካማ መብራት መንዳት፣ ወይም በተሳሳተ መንገድ በተጨመረ መብራት መንዳት።

ባለሙያው፦ ለዚህ የሚመጥን መልስ በእጄ የለም፤ የምችለው የሦስተኛውን ምርጫ ዋጋ መቀነስ ነው። አራቱን ወደ ሁለት ካወረድህ ከባለ 100 ይልቅ ባለ 70 ዋት አምፖል ይብቃን፤ ወፍራም ሽቦ ከባትሪው፣ 15 አምፔር ቫልቮላ ከባትሪው አጠገብ፣ መመለሻውም እስከ ባትሪው አሉታዊ። ይህ ሙሉ ቀን አይፈጅም። የፊት መብራቱን ማሳ ማደስ ብቻ የጠፋውን ብርሃን ምን ያህል እንደሚመልስ ባየህ ጊዜ፣ የቀሩትን ሁለቱን አትናፍቃቸው ይሆናል።

ሹፌሩ፦ ወይስ ኤልኢዲ ላድርግ? እሱ ጥቂት ነው የሚበላው ይላሉ።

ባለሙያው፦ ጥቂት ይበላል፤ ሽቦህንም ያሳርፈዋል። ለሃሎጅን ክር በተቀረጸ መስተዋት ውስጥ ካስገባኸው ግን ብርሃኑ ከመንገዱ ይልቅ ወደ ሰው ዐይን ይበተናል፤ ርካሹ ደግሞ ሬዲዮህን ያንጫጫል። ራሱን የቻለ የኤልኢዲ መብራት ከነመስተዋቱ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። አሁንም ቢሆን የአንተ አራት መብራት ወደ ሰማይ ነው የተተኰሰው፤ ከፊት የሚመጣው ሰው ምን ያያል?

ሹፌሩ፦ ከፊት የሚመጣው በስድስት ነው የሚመጣው፤ አስቀድሞ ያሳወረኝ እሱ ነው።

ባለሙያው፦ እሱም ስድስቱን ያስገጠመ ዕለት ይህንኑ ብሎ ነበር። እኔ ግን የማስርልህ እንዲህ ነው፤ የሪሌውን ትእዛዝ ከረጅሙ መብራት ላይ እወስድና በአንተ እጅ ባለች ማብሪያ በኩል አሳልፈዋለሁ፤ አንተ ካልፈቀድህ አይበሩም፣ ረጅሙ ካልበራም አይበሩም።

ሹፌሩ፦ ረጅሙን በቀነስሁ ቍጥር እኔ ብፈቅድም ይጠፋሉ ማለት ነው?

ባለሙያው፦ ይጠፋሉ።

ሹፌሩ፦ በገዛ ገንዘቤ በገዛ እጄ ላይ ዘበኛ የማቆም ነው የሚመስለው። ይሁን፤ ሁለቱን እንዳሉት ይግጠሙልኝ፤ የተፈቱትን ሁለቱን ግን አይጣሉብኝ፣ ጋቢና ውስጥ ከመቀመጫው ኋላ ይዣቸው እሄዳለሁ።